በጀንፈል ሰሞን የሚያሳክክ ዐይን፦ በቦንጋና በካፋ ምን ይደረግ?

በካፋ የቡና ለቀማ ሲጀመር፣ ጀንፈሉ በአልጋና በሸራ ላይ ሲሰጣ፣ ቆይቶም በሙቀጫና በመፈልፈያ ማሽን ገለባው ሲለይ ዐይኑን የሚያሽ ሰው ይበዛል። ዐይን ይቀላል፣ ያነባል፣ ያሳክካል፤ ጠዋት ቆቡ አብጦ ይነሣል፣ አመሻሽ ላይ አሸዋ የገባበት ይመስላል። አንዱ «ምች ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ፋርማሲ ጎራ ብሎ ያንኑ የባለፈውን ጠብታ ይገዛል። ይህ መመሪያ በሁለቱ መካከል ሆኖ «ምን ላድርግ?» ለሚል ሰው የተዘጋጀ ነው።

የዐይን አለርጂ በአብዛኛው ሰው ላይ አስቸጋሪ እንጂ ዐይን የሚያጠፋ በሽታ አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ሳያቋርጡ ማሸት፣ ሁለተኛው ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየተገዛ ለወራት የሚጨመር ጠብታ። የሚከተሉትን ደረጃዎች ሲያነቡ እነዚህን ሁለቱን ከአእምሮዎ አያውጡ።

የሚያስፈልግዎ ነገር ብዙ አይደለም። ሁለት ንጹሕና ለስላሳ ቁራጭ ጨርቅ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ሳሙና፣ ባርኔጣ፣ ጎንና ጎኑን የሚሸፍን መነጽር፣ አንድ ትንሽ ደብተር። መድኃኒቱ በኋላ ይመጣል።

1. በመጀመሪያ አለርጂ መሆኑን ይለዩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው የተሳሳተ መድኃኒት ይዞ ይከርማል። የአለርጂ ዋና ምልክት ማሳከክ ነው፤ በተለይ በአፍንጫ በኩል ያለው የዐይን ጥግ ያሳክካል። የቀላ ነገር ግን የማያሳክክ ዐይን ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈልጉለት። በአለርጂ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ዐይኖች ይያዛሉ፤ እንባው ውሃ ይመስላል፤ ዐይናር ካለም ነጣ ያለና እንደ ክር የሚሳብ ነው። ማስነጠስና የአፍንጫ መዘጋት አብሮ ይመጣል። በቤተሰብ ውስጥ አስም፣ ችፌ ወይም «ሳይነስ አለብኝ» የሚል ሰው ካለ ግምቱ ይጠነክራል።

አሁን የሚመሳሰሉትን እንለይ። ጠዋት ሽፋሽፍትን የሚያጣብቅ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ዐይናር ካለ፣ በተለይም በአንድ ዐይን ጀምሮ ወደ ሌላው ከተሻገረ፣ በጀርም የመጣ ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ፎጣና ትራስ መለየት ያስፈልጋል። አለርጂ ግን አይተላለፍም።

ጭስ ሌላ ነው። ምድጃ ዳር ሲቀመጡ የሚያቃጥል፣ ደጅ ወጥተው ንጹሕ አየር ሲያገኙ የሚተው ከሆነ ዐይንዎ ተቆጥቷል እንጂ አለርጂ ላይኖርብዎ ይችላል። ችግሩ ጭሱ ቀድሞ አለርጂ ያለበትን ዐይን ይበልጥ ማባባሱ ነው።

ትራኮማን፣ ማለትም የዐይን ማዝን፣ ከአለርጂ መለየት ለባለሙያም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሁለቱም የላይኛውን ቆብ ውስጡን ያጎረብጡታልና። ልጆች ፊታቸው ላይ ዐይናርና ዝንብ ከበዛ፣ ወይም በአዋቂ ሰው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን እየወጋ ከሆነ ቆብ ገልብጦ የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሽፋሽፍቱን በወረንጦ እየነቀሉ መክረም ጊዜያዊ ማስታገሻ ነው እንጂ ሕክምና አይደለም።

በካፋ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ኦንኮ። በፈጣን ወራጅ ውሃ ዳር በምትራባው ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈው ኦንኮሰርካይሲስ በአካባቢያችን በዋናነት ቆዳን የሚያሳክክ በሽታ ነው። ከዐይንዎ ይልቅ ጀርባዎ፣ ዳሌዎና እግርዎ ሌሊት ሌሊት የሚያሳክክ፣ ቆዳዎ የሚሻክር፣ ከቆዳ ሥር የሚነካ እብጠት ያለዎ ከሆነ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይንገሯት። የአይቨርሜክቲን እደላ ሲመጣ «እኔ አለርጂ ነው ያለብኝ» ብለው አይቅሩ።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ደግሞ ይህን መመሪያ አጥፈው በዚያው ቀን ሕክምና ይሂዱ፦ ዕይታ መደብዘዝ፤ ከማሳከክ ይልቅ የሚጠዘጥዝ ሕመም፤ ብርሃን ጨርሶ ማየት አለመቻል፤ ጥቁሩ የዐይን ክፍል ላይ ነጭ ነጥብ መታየት፤ በቅርንጫፍ፣ በቅጠል ወይም በገለባ መመታት፤ በረኪና፣ ኖራ ወይም ሌላ ኬሚካል መግባት (ለዚህኛው መጀመሪያ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠቡ፣ ከዚያ ይሂዱ)። በተወለደ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ያለ ሕፃን ዐይናር ካወጣም አለርጂ ነው ብሎ ቤት ማቆየት የለም።

የቅርንጫፉን ነገር በተለይ ለቡና ለቃሚዎች እናገራለሁ። ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ ተለምጦ የተመለሰ የቡና ቅርንጫፍ ዐይን ይጫራል። ከተክል የተነሣ ቁስል ፈንገስ ሊይዝበት ይችላል፤ ፈንገስ ያለበት ዐይን ላይ የስቴሮይድ ጠብታ ከተጨመረ ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

2. እጅዎን ከዐይንዎ ያንሡ፤ በምትኩ ያቀዝቅዙት

ማሸት ለጊዜው ደስ ይላል። ነገር ግን በዐይን ሽፋን ውስጥ ያሉት የአለርጂ ሕዋሳት ሲታሹ ሂስታሚን የሚባለውን የሚያሳክክ ንጥረ ነገር ጨምረው ይለቃሉ፤ ስለዚህ ያሹት ዐይን ከ5 ደቂቃ በኋላ የባሰ ያሳክካል። ለዓመታት የታሸ ዐይን ደግሞ ፊቱ ላይ ያለው እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን እየሳሳና እየሾጠጠ ይሄዳል፤ ኬራቶኮነስ ይሉታል። ያን ጊዜ ተራ መነጽር ዕይታን አያስተካክለውም። በተለይ በጣት አንጓ አጥብቆ ማሸት ክፉ ልማድ ነው።

በምትኩ ይህን ያድርጉ። ውሃ አፍልተው በተከደነ ዕቃ ያቀዝቅዙ። ማቀዝቀዣ ባይኖርዎም የቦንጋ ሌሊት ይበቃል፤ ማታ ፈልቶ ተከድኖ ያደረ ውሃ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ጨርቁን ነክረው ይጭመቁትና በተጨፈነ ዐይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያሳርፉት፤ ሲሞቅ እንደገና ይንከሩት። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ መድገም ይቻላል። ለእያንዳንዱ ዐይን የየራሱ ጨርቅ ይኑር፤ ማታ ጨርቆቹን አፍልተው ያስጧቸው። በረዶ ያለው ሰው በጨርቅ ሳይጠቀልል ቆቡ ላይ አያሳርፍ።

ብናኝ ወይም ገለባ ከገባ ጎንበስ ብለው ንጹሕ ውሃ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ እንዲፈስ አድርገው ይታጠቡ። በነጠላ ጫፍ መጥረግ፣ በምላስ ማስወጣት፣ ሰው እፍ እንዲልበት ማድረግ ይቅር። ካልወጣ ለባለሙያ ይተዉት።

ዐይን ውስጥ ስለሚጨመሩት ነገሮችም ሳልናገር አላልፍም። የዳማከሴና የጤና አዳም ጭማቂ፣ የእናት ጡት ወተት፣ ቅቤ፣ ምራቅ፣ የሻይ ውሃ፣ ማር። የካፋ ማር ዝናው የታወቀ ነው፤ ለብርዝና ለጠጅ ይሁን። ከቀፎ የወጣ ማር ከጀርምና ከአበባ ብናኝ የጸዳ አይደለም፤ አለርጂ ያለበት ዐይን ውስጥ የአበባ ብናኝ መጨመር ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። ኩልም እንዲሁ ዐይኑ እስኪረጋጋ ይቆይ።

3. የሚቀሰቅስብዎን ነገር በደብተር ያድኑ

ለ2 ሳምንት ብቻ በየማታው አንድ መስመር ይጻፉ፦ ዛሬ የት ዋልኩ፣ ምን ሠራሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ አሳከከኝ፣ ውጭ ወይስ ቤት። አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ሐኪሙ ከሚጠይቅዎ ጥያቄ ግማሹን ይመልሳል።

ደብተሩን ሲያነቡ የወቅቱን ጠባይ አብረው ይዩ። በካፋ ዝናቡ ብዙውን የዓመቱን ክፍል ይይዛል፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ አየሩ እርጥብ ነው። ብዙ ሰው «አቧራ የለም፣ እንግዲህ ለምን ያሳክከኛል?» የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። መልሱ ፍራሹ ውስጥ ነው። በፍራሽ፣ በትራስና በብርድ ልብስ ውስጥ የሚኖሩ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች እርጥበት ይወዳሉ፤ ከሰው የሚረግፍ ቆዳ ይመገባሉ፤ አለርጂ የሚያስነሣውም በዋናነት ኩሳቸው ነው። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ሻጋታም ከእነሱ ጋር ይሰለፋል። ስለዚህ በዝናብ ወራት፣ በተለይም ጠዋት ከመኝታ ሲነሡ የሚያሳክክዎ ከሆነ ጠላትዎን መንገድ ላይ አይፈልጉት።

ከኅዳር እስከ የካቲት ነገሩ ይገለበጣል። የመንገድ አቧራ ይነሣል፣ ሣሩ ይደርቃል፣ ቡናው ይፈለፈላል። የጥሬ ቡና አቧራ ራሱ አለርጂ እንደሚያስነሣ በቡና ማዘጋጃ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ የሻይ ብናኝም በማድረቂያና በማሸጊያ ክፍል ለሚሠሩ እንዲሁ ነው፤ የውሽውሽ ሻይ ልማት ሠራተኞች ይህን ልብ ይበሉ። በአንጻሩ ቡናው ሲቆላ ይህ ባሕርዩ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ቡና መጠጣትዎን አይተዉ። የሚያስቸግርዎ ሲኒው ሳይሆን ዙሪያው ሊሆን ይችላል፤ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጤማ፣ የሚጨሰው ዕጣን፣ ከምጣዱ የሚነሣው ጭስ። ዕጣኑን ለአንድ ሳምንት አስቀርተው ይሞክሩ። የቤቱ እመቤት ቅር እንዳይላቸው ምክንያቱን ቀድመው ቢነግሩ ደግ ነው።

4. ከሥራ ቦታዎ ጀምረው ያጽዱ

ገለባ በሚያበጥሩበት ጊዜ ነፋሱን ከጀርባዎ ያድርጉ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ወንፊቱ ወይም ሰፌዱ የተቀመጠበትን አቅጣጫ ማዞር ብቻ ፊትዎ ላይ የሚደርሰውን ብናኝ እጅግ ይቀንሰዋል። ጎኑ የተሸፈነ መነጽር ያድርጉ፤ የፀሐይ መነጽርም ቢሆን ከባዶ ዐይን ይሻላል። አፍንጫና አፍ በማስክ ወይም በሻሽ ይሸፈን። መጋዘኑን ከመጥረግዎ በፊት ወለሉን ውሃ ርጭት ያድርጉበት፤ ደረቅ ወለል መጥረግ አቧራውን ከመሬት ወደ ዐይን ማዛወር ነው። የባጃጅና የሞተር ሾፌሮች መስታወት ያለው ሄልሜት ወይም መነጽር ሳያደርጉ ከአስፋልት አይውጡ።

ማታ ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ፊትና ፀጉር ይታጠቡ፤ ልብስዎን ይቀይሩ። ይህን ያልኩት ለንጽሕና ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ፀጉርዎ ላይ የተጠራቀመው ብናኝ ትራስዎ ላይ ያድራል፤ ሌሊቱን ሙሉ ዐይንዎ አጠገብ ነው ማለት ነው። የሥራ ልብስ መኝታ ክፍል አይሰቀል።

መኝታ ቤቱን በተመለከተ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ በሳምንት አንድ ጊዜ እጅ በማያስነካ ሙቅ ውሃ (60 ዲግሪ ገደማ) ይታጠብ፤ ተባዮቹ የሚሞቱት በዚህ ሙቀት ነው። ፍራሽና ብርድ ልብስ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ይሰጣ፣ ይራገፍ፤ የሚያራግፈው ግን አለርጂ የሌለበት ሰው ይሁን። በክረምት ፀሐይ ብልጭ ስትል ሌላውን ሥራ ትቶ ፍራሽ ማውጣት ያዋጣል። መስኮት ቀን ቀን ይከፈት። አልጋውን ከእርጥብ ግድግዳ አንድ ክንድ ያርቁት። ሻጋታ በውሃ በቀጠነ በረኪና ይጠረጋል፤ መስኮት ከፍተው፣ ጓንት አድርገው፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር ሳይቀላቅሉ።

ምድጃው መኝታ ባለበት ክፍል ውስጥ ከሆነ የመጀመሪያው ወጪ ለጭስ ማውጫ ወይም ለተለየ ማድቤት ይሁን። ጠብታ ገዝቶ ጭስ ውስጥ መቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

5. መድኃኒቱን ከቀላሉ ይጀምሩ

ማቀዝቀዝና ማጽዳት ካልበቃ ወደ ፋርማሲ ይሂዱ፤ በቅደም ተከተል።

የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ እንባ ነው። ብናኙን ያጥባል፣ ዐይኑን ያርሳል፤ በቀን 4 ጊዜ ያህል ቢጨመር ችግር የለውም። ለቀላል አለርጂ እሱ ብቻውን የሚበቃቸው ሰዎች አሉ።

ቀጥሎ የፀረ አለርጂ ጠብታዎች ይመጣሉ። ኦሎፓታዲን 0.1 በመቶ በቀን 2 ጊዜ፣ ወይም ኬቶቲፈን 0.025 በመቶ በቀን 2 ጊዜ ይጨመራል፤ ሁለቱም ማሳከክን ፈጥነው ያስታግሳሉ፣ ሲቀጥሉባቸው ደግሞ ይከላከላሉ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ያለ ሐኪም አይሰጡም። ክሮሞሊን የሚባለው ደግሞ በቀን 4 ጊዜ የሚጨመር ነው፤ እሱ የሚከላከል እንጂ ወዲያው የሚያስታግስ አይደለም። ሥራውን ለማየት ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው። ወቅትዎን የሚያውቁ ከሆነ፣ ለምሳሌ በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሚነሣብዎ ከሆነ፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይጀምሩት።

ማስነጠስና የአፍንጫ ማሳከክ አብሮ ካለ የሚዋጥ መድኃኒት ይረዳል፤ ለአዋቂ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን 10 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ። ክሎርፌኒራሚን ርካሽ ነው፤ ግን እንቅልፍ ይጥላል። እሱን ውጦ ሞተር መንዳት ወይም መፈልፈያ ማሽን ላይ መቆም አይገባም። ሴትሪዚንም አንዳንዱን ሰው ያደነዝዛል፤ የመጀመሪያውን ማታ ውጠው ይሞክሩት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የኩላሊት ወይም የግላኮማ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ቲቲሲ የምንለው የቴትራሳይክሊን ቅባት አለርጂን አያድንም። ለትራኮማና ለጀርም ነው። ለሚያሳክክ ዐይን ቲቲሲ ቀብቶ ለውጥ ያላየ ሰው መድኃኒቱ ደካማ ሆኖበት አይደለም፤ ቦታው አልነበረም። መቅላትን ወዲያው የሚያጠፉ፣ ዐይን የሚያነጡ ጠብታዎችም አሉ። እነሱን ከ3 ቀን በላይ መጠቀም ሲያቆሙ ዐይኑ ከበፊቱ የበለጠ እንዲቀላ ያደርጋል፤ ለሰርግ ፎቶ ካልሆነ አያስፈልጉም።

6. ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ በራስዎ አይግዙ

ይህን ደረጃ ደግመው ቢያነቡት አይጎዳም።

ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ፍሎሮሜቶሎን፤ እነዚህ ሁሉ ስቴሮይዶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ሳይሆን ከጄንታማይሲን፣ ከኒኦማይሲን ወይም ከቶብራማይሲን ጋር ተደባልቀው በአንድ ጠርሙስ ይመጣሉ፤ ገዢው «አንቲባዮቲክ ነው» ብሎ ያስባል። ሲጨመሩ ማሳከኩ በአንድ ቀን ይጠፋል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ሰው «ያ ጥሩ ጠብታ» ብሎ ስሙን ይይዘዋል፣ ለጎረቤት ይነግራል፣ ሲያልቅ ባዶውን ጠርሙስ ይዞ ሌላ ይገዛል።

ስቴሮይድ ጠብታ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዐይን ውስጥ ያለውን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ከሚጠቀሙት ሰዎች ከሦስቱ የአንዱ ገደማ ግፊት ከፍ ይላል፤ በልጆች ላይ ይህ ይፈጥናል። ከፍ ያለ ግፊት የዐይን ነርቭን ቀስ በቀስ ይገድላል፤ ይኸው ግላኮማ ነው። አያምም፣ አያሳክክም፤ የሚጀምረው ከዕይታ ዳርቻ ስለሆነ ሰውየው የሚያውቀው ብዙው ከጠፋ በኋላ ነው። የጠፋው ደግሞ አይመለስም። የዐይን ሞራም በዚሁ መንገድ በወጣትነት ይመጣል፤ ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ የግላኮማ ጉዳት ግን መመለሻ የለውም።

መድኃኒቱ ራሱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ከባድ አለርጂ ላይ ሐኪም ለአጭር ጊዜ፣ ግፊት እየለካ፣ እየቀነሰ ይሰጠዋል። የታዘዘልዎ ከሆነ «ለስንት ቀን ነው? መቼ ነው ግፊቴ የሚለካው?» ብለው ይጠይቁ፤ ያለዚህ መልስ አይውጡ።

ፋርማሲ ሲገቡ እንዲህ ይበሉ፦ «እህቴ፣ ዐይኔን የሚያሳክክ አለርጂ አለብኝ። ስቴሮይድ የሌለበት የአለርጂ ጠብታ እፈልጋለሁ።» ከዚያ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፦ «ይሄ ዴክሳሜታዞን አለበት?» መልሱ አዎ ከሆነ ይመልሱት። አስቀድመው ለወራት ሲጨምሩ የቆዩ ከሆነ ግን በድንገት ከማቋረጥ ይልቅ በዚሁ ሳምንት ባለሙያ ዘንድ ሄደው ግፊቱን ያስለኩ፤ አቋራረጡን እሱ ይነግርዎታል።

7. ጠብታውን በትክክል ይጨምሩ

ጥሩ መድኃኒት ጉንጭ ላይ ሲፈስ ይታያል። እጅ ይታጠቡ። ጠርሙሱ ደለል የሚመስል ነገር ካለው ይነቅንቁት። ቁጭ ብለው ራስዎን ወደ ኋላ ያዘንብሉ፤ ማስተካከል ካቃተዎ በጀርባዎ ይተኙ። በአንድ ጣት የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ስበው ትንሽ ኪስ ይሥሩ። ወደ ላይ ይመልከቱና አንድ ጠብታ ብቻ ኪሱ ውስጥ ይጣሉ፤ የጠርሙሱ አፍ ዐይንን፣ ሽፋሽፍትን ወይም ጣትን አይንካ። ሁለት ሦስት ጠብታ መጨመር ጥቅም የለውም፤ ዐይን የሚይዘው ከአንድ ያነሰ ነው።

ከዚያ ዐይንዎን በቀስታ ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ በጣት ለ1 ወይም 2 ደቂቃ ጫን ይበሉት። መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ ወርዶ እንዳያመርርዎና ዐይን ላይ እንዲቆይ ነው። አያርገብግቡ። ሌላ ዓይነት ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል። ቅባት ካለ መጨረሻ ላይ ይሁን።

የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ፤ ሌላ ካልተጻፈበት በቀር በ4 ሳምንት ይጣላል። ከምድጃ ዳርና ከፀሐይ ያርቁት። ለማንም አያውሱ፣ ከማንም አይዋሱ፤ ለእህትም ለወንድምም ቢሆን።

8. ልጅ ከሆነ ቶሎ ያሳዩ

በልጆች ላይ ከተራው አለርጂ የከበደ ዓይነት አለ፤ ሐኪሞች ቨርናል ይሉታል። ሞቃት አየር ባለባቸው አገሮች ይበዛል፤ ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በፊት ይጀምራል፣ ከሴት ልጆች ይልቅ ወንዶችን ያጠቃል፣ በአብዛኛው ከጉርምስና በኋላ ይለቃል። ልጁ ፀሐይ ላይ ዐይኑን መግለጥ ያቅተዋል፤ ያርገበግባል፤ ዐይናሩ እንደ ክር ይሳባል፤ ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት ዳር ላይ ቀለበት የመሰለ ያበጠና የጠየመ ነገር ይታያል። የላይኛው ቆብ ውስጡ ትልልቅ ጠጠር የተደረደረበት ያህል ይጎረብጣል፤ ያ ጠጠር መስታወቱን እየፋቀ ቁስል ሊያወጣ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ልጅ መምህሩ «አይከታተልም» ይለዋል፤ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ከመስኮት ራቅ አድርገው እንዲያስቀምጡት፣ ባርኔጣ ክፍል ውስጥም ቢያደርግ እንዳይከለክሉት መምህሩን ያነጋግሩ። «አትሽ!» እያሉ መቆጣት አይሠራም፤ እርጥብ ቀዝቃዛ ጨርቅ በላስቲክ አድርገው ይስጡት፣ ጥፍሩን ያሳጥሩለት። የስቴሮይድ ጠብታ አላግባብ የሚለመደው በዚህ ሕመም ነው፤ ወቅቱ በተመለሰ ቁጥር ወላጅ ያንኑ ጠርሙስ ይገዛልና። ስለዚህ ልጅዎ በየዓመቱ የሚደጋገምበት ከሆነ ቢያንስ አንድ ጊዜ የዐይን ሐኪም ይየው።

9. የት ልሂድ?

በ2 ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላዩ ከቅርብዎ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ይያዙ፤ ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ወደ ላይ መሄድ ወጪውን ወደ ኪስዎ ሊመልሰው ይችላል። ከጤና ጣቢያው ቦንጋ ወደሚገኘው ገብረ ጻዲቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ ከፍ ያለ ምርመራ ካስፈለገም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዐይን ክፍል ይላካሉ።

ሲሄዱ ደብተርዎንና እስካሁን የተጠቀሙባቸውን ጠርሙሶች ሁሉ፣ ባዶዎቹንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። «ነጭ ክዳን ያለው ጠብታ» ብሎ ለሐኪም መንገር አይረዳም። የባህል መድኃኒት ጨምረው ከሆነ አይደብቁ፤ ማንም አይቆጣዎትም፣ ቢቆጣም ዐይንዎ ይበልጣል። ጠዋት ከመሄድዎ በፊት ኩል አይኳሉ። ምርመራው ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሊኖረው ስለሚችል ለጥቂት ሰዓት ዕይታዎ ይደበዝዛል፤ ሞተር ነድተው አይሂዱ፣ የሚመልስዎ ሰው ይያዙ። ሐኪሙ ቆብዎን ገልብጦ ካላየ እንዲያይልዎ በአክብሮት ይጠይቁ፤ ስቴሮይድ ተጠቅመው ከሆነም ግፊቱ ተለክቶ ቁጥሩ በካርድዎ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ። ያን ቁጥር በደብተርዎም ላይ ከነቀኑ ይገልብጡት፤ በሚቀጥለው ምርመራ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።